ለበግ ሐኪምነት የቆመ ምስክር

ሰኞ፣ ነሐሴ 3

የበግ ሐኪም ሁኚ ተባልኩ። እኔ! ክፍሉን ሁሉ በልጬ የወጣሁት፣ በክርክር ወንዶቹን አፍ የማስይዘው እኔ በግ ላክም!

ተረጋግቼ ልጻፈው። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ዘመሮ ከተማ ወጣሁ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ጋሽ ታደሰ ክረምቱን የሚያሳልፉት እዚያ፣ ከባለቤታቸው ቤተሰቦች ዘንድ ነው። የፈተና ውጤቴን ከአውራጃው ይዘውልኝ መጥተዋል። ከፍተኛ ነው። ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ ወሬ አስከተሉ። ለአውራጃው አንድ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል መጥቷል፤ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ፣ የእንስሳት ሕክምና። ለሴት ልጅ፤ ለዚያውም ለድሃ ገበሬ ልጅ።

"ሕግ ነው የምማረው አላልኩዎትም?" አልኳቸው።

"ብለሽኛል። ማንን ልትከራከሪ? መሬቱ እንደሆነ የሕዝብ ሆኗል። በግ ግን መንግሥት ቢለወጥም ይታመማል።" ይኸን ብለው ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ማንም አልነበረም።

መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ።

ሕግ፦ እወደዋለሁ። ነገር ግን ዳኛው የሚፈርደው ሌላ ሰው ወስኖ የጨረሰውን ነው ይባላል።

ሕክምና፦ ደም አልፈራም። ግን አዲስ አበባ ገብቼ አንደኛ ዓመትን ከአገሩ ልጅ ሁሉ ጋር ተጋፍቼ፣ ቦታ ከተረፈ ነው።

ምሕንድስና፦ ሒሳቤ ይችለዋል። ጋሽ ታደሰ "መንገዱን ወንዶቹ ይሠሩታል፣ አንቺን ቢሮ ያስቀምጡሻል" አሉ።

መምህርነት፦ ሴት ሁሉ የምትገፋበት ነው። አልገፋም።

በግ፦ ሥራው የተረጋገጠ ነው። ከመንዝ እስከ ግሼ አንድም የእንስሳት ሐኪም አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ቅዳሜ የገበሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ የድሃ ገበሬ ልጅ መሆኔን ይመሰክራል፤ ከአውራጃው ሰው መጥቶ ይሰማል።

"ድሃ መሆናችንን መጥቶ ማየት አይበቃውም?" አልኩ።

"ዓይን አይፈርምም" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

እቤት የነገርኩት ግማሹን ነው። በግ የሚለውን ተናገርኩ፤ ውጭ አገር የሚለውን ዋጥኩት።

አባዬ ሕግ አለመሆኑን ሲሰሙ እፎይ አሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከአያ ዘውዴ ጋር በርስት ሲካሰሱ ነው። አያ ዘውዴ ጎረቤታችንም ዘመዳችንም ናቸው። ነገሩ ከአንዲት ጠባብ ማሳ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ወረደ፣ በይግባኝ አዲስ አበባ ገባ፣ ተመልሶ መጣ። ባዝራዋ ለጠበቃ ሄደች፤ አንደኛው በሬ ለቀጠሮ ስንቅ ሄደ። ከዚያ የመሬት አዋጁ መጣና ማሳዋን ለሦስተኛ ሰው ደለደላት። አሁን ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቆመው የሌላ ሰው ገብስ ያያሉ። አይነጋገሩም።

"ሕግ ማለት፣" አሉ አባዬ፣ "ኮርቻ ለመግዛት ፈረሱን መሸጥ ነው።"

እማዬ ሌላ ጭንቀት አላት። "እጅሽ በግ በግ እያለ ማን ያገባሻል?"

"እዚህ አገር እጁ በግ በግ የማይል ማን አለ?"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አምና ክረምት በጎቻችን አገጫቸው ሥር ውሃ እየቋጠሩ ከጥቂቶቹ በቀር አንድ በአንድ አለቁ። ሰው ሁሉ "የረግረጉ ሣር ነው" ብሎ ተወው። እኔ አንዷን ከሞተች በኋላ ቀደድኳት። ጉበቷ ውስጥ እንደ ቅጠል የሳሱ ጠፍጣፋ ትሎች ነበሩ፤ ሕይወት ነበራቸው። እማዬ "ተይ፣ አስጠላኝ" ብላ ሸሸች። እኔ ግን ዝናብ እየወረደብኝ ቆሜ ማየቴን አልተውኩም። ከረግረጉ ወደ ጉበቱ በየት በኩል ሄዱ? ያን ጥያቄ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

እሺ። በግ ይሁን። ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ይኸን መጻፍ አለብኝ፤ ዛሬ ራሴ መረጥኩት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

የማኅበሩ ሊቀመንበር እሸቴ ቤት ሄድኩ። ድሮ ሸማኔ ነበር። ያኔ ሰዎች እሱ የሠራውን ጋቢ ለብሰው ስሙን ያንቋሽሹ ነበር። ዛሬ እሱ ሳይፈቅድ ማኅተም አይመታም።

"ጓድ ሊቀመንበር" ስለው ሳቀብኝ።

"ተይ አንቺ የሺ! የክርስትናሽን ነጠላ የሠራሁት እኔ ነኝ። ምን ፈለግሽ?"

ነገርኩት። አሰበ። እንደ ፈራሁት ቂም አልያዘም፤ እንዲያውም የምትሄደው ልጅ ከኛ ቀበሌ በመሆኗ ደስ ያለው መሰለኝ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አለ። አንዱ የዛሬ ኑሯችንን የሚያውቅ፣ ወዳጅ ያልሆነ ሰው፤ "የወዳጅ ምስክርነት ለካድሬ አይጥምም።" ሁለተኛው የድሮውን የሚያውቅ፣ በዕድሜ ትልቅ የሆነ።

ስወጣ ከበሩ ጠራኝ። "ሽማግሌው አጭር ይናገር። የሽማግሌ አፍ የክረምት ወንዝ ነው፣ ከሞላ አያሻግርም።"

ወዳጅ ያልሆነ ማን አለ? አንድ ሰው ብቻ። አጥሩን ዞሬ አያ ዘውዴ ደጅ ቆምኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ ያን ደጅ ረግጬ አላውቅም። የመጣሁበትን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"የኃይሌ ልጅ እኔን ምስክር ልትቆጥር? አባትሽ ያውቃል?"

"አያውቁም።"

"እናያለን" አሉ። 

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ለድሮው ምስክር አባባ ማንደፍሮን መረጥኩ። የአባዬ አጎት ናቸው፤ በአካባቢው በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። በዚህ ዓለም ላይ እንደ እኔ የሚወዱት ሰውም የለም። ፊደል ስቆጥር "ይቺ ናት ስማችንን የምታስጠራ" እያሉ የሚያስጨበጭቡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በጓሳ ሣር ገመድ ይገምዳሉ። የቤታቸው ክዳን ያፈሳል፣ የሚከድነው ሰው የለም። ድህነትን ለመመስከር ከሳቸው የተሻለ ማን ይገኛል?

"አባባ፣ ቅዳሜ ሲጠየቁ 'ድሃ ነው፣ ገበሬ ነው' ይበሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩ።"

"ማን ነው ድሃ?"

"አባዬ።"

ገመዱን አስቀመጡት። "የወንድሜ ልጅ? በሬ አጥቷል በይ። ዘንድሮ ምድሩ አልያዘለትም በይ። ድሃ ማለት ዘር የሌለው ነው።"

"አሁን ድሃ መባል ክብር ነው እኮ። ጊዜው የድሃ ነው።"

"እንግዲያው ባለጊዜዎቹ ይባሉት።"

ለመንኳቸው። አስረዳኋቸው። እኔ የሕዝቡን በግ ላድን እንደሆነ ነገርኳቸው። በመጨረሻ "በይ፣ እንዴት ነው የምለው?" አሉ። አለማመድኳቸው። "ድ..." ብለው ሳል ያዛቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። እንደገና ጀመሩ።

"ድሃ ነው። ገበሬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።"

"እግዜርን ይተዉት አባባ፣ ሰውየው ካድሬ ነው።"

"ታዲያ ማን ይስጥልኝ ልበል?"

ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ደጋግመው አጠኑት። በመጨረሻ ሳያስሉ አሉት። በጊዮርጊስ ማሉልኝ።

ሆኖም ወደ ቤት ስመለስ ልቤ አልረጋም። ስንት ዓመት የተማርኩት፣ ኩራዝ ሥር ያነበብኩት ሁሉ አሁን ከአንድ ሽማግሌ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ በራሴ ነገር አልናገርም። አባዬም ስለራሳቸው መናገር አይችሉም። ይኸ ነው የሚያናድደኝ። ሰው ስለራሱ የማይጠየቅበት ስብሰባ ምን የሚሉት ነው?

ዓርብ፣ ነሐሴ 7

ጉም። በሩ ላይ ቆሜ አጥሩ አይታየኝም።

ለእማዬ የቀረውን ግማሽ ነገርኳት። ውጭ አገር መሆኑን። በቁና የያዘችውን ገብስ ቁጭ አደረገች።

"ስንት ፋሲካ ነው?"

"ስድስት።"

"እዚያ ይጾማል?"

"አላውቅም።"

በጎቹን ላይ ብላ ወጣች። በጎቹ እኮ በረት ውስጥ ናቸው፣ እኔ ራሴ ነኝ ያስገባኋቸው። ቆይታ ተመለሰችና ገብሷን አነሣች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ "ብርድ ነው አሉ አገሩ" አለች። ከዚያ "በርኖሱ ይጠገን" አለች።

ሂጂ ማለቷ ነው። እንዲህ ነው የምትናገረው። በርኖሱን ያዝኩና አለቀስኩበት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8

በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ካልሆነ እብድ እሆናለሁ።

ስብሰባው ከማኅበሩ ቤት ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ ነበር። የፍልሰታ ቅዳሴ ሳይገባ እንዲያልቅ ሰው ሁሉ ይቁነጠነጣል። ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ክፉ ፊት የለውም። ይኸን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መፈክሩ ተባለ። እሸቴ ጉዳዬን አስረዳ። ከዚያ አያ ዘውዴ ተጠሩ። አባዬ ማን እንደተጠራ ሲያዩ ወደኔ ዞሩ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ይኸ ሰው ድሃ ነው ወይ?" አለ ካድሬው።

"እንዴታ!" አሉ አያ ዘውዴ። "ያደኸየሁት እኔ ነኝ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ምን ያስቃችኋል? ባዝራውን ያሸጥኩት እኔ፣ በሬውን ያሸጥኩት እኔ። የኔንም እሱ አሸጦኛል። ባዶ ጎተራውን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይነሣ!"

ካድሬውም ሳቀ፣ ጻፈም። አባዬ እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አለቀ፣ ሄድኩ ብዬ አሰብኩ። በዚያች ደቂቃ ባሕር ማዶ ነበርኩ።

አባባ ማንደፍሮ ተነሡ። በትራቸውን ተደገፉ። አየኋቸው፣ አዩኝ።

"ድሃ ነው" አሉ። ሳያስሉ። "ገበሬ ነው።"

አበቃ። ሊቀመጡ ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉ። እኔ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ካድሬው ሊረዳኝ ነው የፈለገው፣ በዚህ እምላለሁ። ነገሩን ሊያጠነክርልኝ ነው። ፈገግ ብሎ፣ "እንግዲህ ከጥንትም የባላባት ጭሰኛ ነበር ማለት ነው፣ አይደል አባቴ?" አላቸው።

አባባ ማንደፍሮ አልተቀመጡም።

"ምን አልክ?"

"ጭሰኛ ነበር ወይ ነው ያልኩት።"

"ጭሰኛ?" በትራቸው መሬቱን መታ። "ስማ ልጄ። ይኸ የምታየው ኃይሌ ነው። ኃይሌ የደምሰው ልጅ፣ ደምሰው የተሰማ፣ ተሰማ የወልደ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሀብተ ሥላሴ..." ቆጠሩ። ሰባት ቤት አልፈው ቆጠሩ። አገሩን በፈረስ ጋልቦ ወሰን እስከ ከለለው አባት ደረሱ። ድምፃቸው እንዲህ ሲሞላ ሰምቼ አላውቅም። "እኛ ጭሰኛ ያሰፈርን ነን እንጂ ጭሰኛ የሆነ ከዘራችን አልወጣም! ደሞ ጭሰኛ!"

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። አያ ዘውዴ ዘለው ተነሡ፤ "እውነት ነው! አጥንታችን አንድ ነው! እኔም የዚያው ነኝ!" አሉ። ለካ ያም ሁሉ ክስ የተነሣው ሁለቱም የአንድ አባት ነን ስላሉ ነበር።

የካድሬው ፈገግታ ጠፋ። "ጭሰኛ ያሰፈሩ ነበሩ ነው ያሉት?"

"አዎን! ጻፈው!"

ጻፈው።

እኔ ተነሣሁ። ማን ፈቀደልኝ? ማንም። "እነዚያ ሁሉ ሞተዋል! እኔ የተወለድኩት አንድ በሬ ካለው ሰው ነው፤ እሱንም ከጎረቤት አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው! የምን ባላባት? ሙታንን ነው የምትመረምሩት ወይስ እኔን?"

"ዝም በይ! ሽማግሌ ሲናገር!" አለኝ አንዱ ከኋላ።

ካድሬው ረጋ ብሎ፣ "እኅቴ፣ ጥያቄው የበሬ አይደለም፣ የመደብ ነው" አለ። እሸቴ "ጓድ፣ ሽማግሌው ለኩራት ብለው ነው እንጂ..." ብሎ ጀመረ። ካድሬው ቀና ብሎ አየው። እሸቴ ተቀመጠ። የቅዳሴው ደወል ተደወለ። ሰው ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

አባዬ ከፊቴ ሲሄዱ አየኋቸው። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። ከአዋጁ ወዲህ እንዲህ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። አያ ዘውዴ ከጎናቸው ናቸው፣ እያወሩ።

እኔ ዕድሌን ባጣሁበት ቀን አባቴ ደስ ብሏቸዋል። ለዚህ ማንን ልክሰስ?

እሑድ፣ ነሐሴ 9

ዝናብ። አልበላሁም። የጾም ነው ይበሉ።

ከሰዓት አባባ ማንደፍሮ መጡ። መቃኑን ይዘው ቆሙ፣ ግቡ እስኪባሉ። እማዬ አስገባቻቸው።

"ተቆጣሽኝ?"

ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

"ሁለቱን ቃል ብያቸው ነበር።"

"ብለው ነበር።"

"ልቀመጥም ነበር።"

"ሊቀመጡ ነበር።"

"ጭሰኛ አለኛ! የኔ ልጅ፣ ፊት ለፊቴ አንቺን የሰደበ መሰለኝ። እኔ ልናገር አላልኩም፤ አጥንቴ ነው የተናገረው። ደሞስ ያልሆንሽውን ሆነሽ ከምትሄጂ..."

"የሆንኩትን ሆኜ ቀረሁልዎ!"

እማዬ "አንቺ!" አለች። አገጫቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መቆጣቴን ልቀጥል ብፈልግም ከየት ላምጣው? እኝህ ሰው ሊያጠፉኝ አልፈለጉም። ካድሬውም አልፈለገም። አባዬም አልፈለጉም። ጠላት እንኳ የለኝም። ጠላቴ የነበሩት አያ ዘውዴ ናቸው የረዱኝ።

ጉልበታቸውን ሳልስም ወጣሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ዝናቡ ውስጥ ቆየሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

ትናንት አልጻፍኩም። ምንም የሚጻፍ አልነበረም።

ዛሬ ዘመሮ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ሰምተዋል፤ ወሬ ከእግር ይቀድማል። ዕድሉ ለሌላ ልጅ ሆኗል አሉኝ።

"ለማን?"

"ለአንዲት የከተማ ልጅ። አባቷ ወፍጮ ቤት ነበረው።" ጫማቸውን እያዩ ጨመሩ፤ "ምስክሮቿ አጭር ተናገሩ።"

የቀረኝ እንደ ማንም አዲስ አበባ ገብቶ መጋፋት ነው። ምርጫዬን በቅደም ተከተል መንገር አለብኝ፣ እሳቸው ለአውራጃው ያደርሱልኛል። ቦታ የሚሰጠው ግን በውጤትና በኮታ ነው፤ ምርጫ የሚሉት ስሙን ነው።

"መቼም አሁን ሕግ ነው የምትይው" አሉ።

እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ቅዳሜ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት የጮኸችው ልጅ ሕግ ካልተማረች ማን ይማራል? አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። "አንደኛ የእንስሳት ሕክምና።"

"እዚህ አገር ቦታው በጣት የሚቆጠር ነው።"

"ይሁን።"

"በእልህ እንዳይሆን፣ የሺ።"

በእልህ ይሁን፣ በዚያች በግ ጉበት ይሁን፣ እኔም አላውቅም። ሁለተኛ ሕክምና፣ ሦስተኛ ሕግ። መምህርነትን የመጨረሻ አደረግሁት፤ የሚሰጡኝ እሱን ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ምን አደርጋለሁ? እማራለሁ፣ እመደባለሁ፣ የመደቡኝ ቦታ እሄዳለሁ። 

ጋሽ ታደሰ ጻፉ። ቀጥለው "የአባት ሥራ?" አሉኝ።

"ገበሬ።"

ብዕራቸውን አነሡ። "ድሃ ገበሬ ብዬ ልጻፈው? እዚያ ማንም አያውቅሽም። ይረዳሻል።"

ያውም እውነት ነው። ቅዳሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የጮህኩት እሱኑ ነው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አባዬ ከስብሰባው ሲመለሱ ቀጥ ያለው ጀርባቸው ዓይኔ ላይ መጣ። እንደ አባባ ማንደፍሮ ሳል ያዘኝ።

"ገበሬ ይበቃል" አልኳቸው።

አዩኝ። "ገበሬ" ብለው ጻፉ።

አሁን እቤት ነኝ። ውጤቱ ለመስከረም ነው አሉ። ያቺ አንዲት ቃል በመጉደሏ የሚያጎድሉብኝ ነገር ይኖር ይሆን? ማንን ልጠይቅ? ነገ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ፣ አባባ ማንደፍሮ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ። ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም።